ስምንት መቶ ሺህ ሪያል ያላት ሠራተኛ የት ትገኛለች?

የላስታ፣ የወልዲያ፣ የቆቦ ወጣቶች፣ ይህን ነገር አንድ ጊዜ አብረን እንየው።

ከላሊበላና ከዙሪያዋ እህቶቻችን ወደ ዐረብ አገር መሄዳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ኮቪድ ቱሪስቱን አስቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። የሆቴሉና የአስጎብኚው ገቢ ሲደርቅ፣ ደላላው በር ማንኳኳት እንኳ አላስፈለገውም። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጆች ሳይቀሩ የሙስሊም ስም ይዘው ሄደዋል። የሙስሊሙ ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ካለ ወሎን አያውቃትም።

እዚያ የሚሠሩት ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ይላል። አልጋ ላይ የዋሉ አዛውንት የሚያገላብጡት ግን እነሱ ናቸው። ዳይፐር ይቀይራሉ፣ የስኳር መድኃኒት በሰዓቱ ይሰጣሉ፣ ሌሊት ሲጠሩ ይነሳሉ። ሌላ አገር ይህ ራሱን የቻለ የጤና እንክብካቤ ሙያ ነው። እኛ ግን «ግርድና» ብለን እናልፈዋለን። ይህን ቃል የምንጠቀመው እኛው ነን፣ ዐረቦቹ ብቻ አይደሉም።

ኢቃማዋ ከከፊሏ ጋር የታሰረ ነው። አሥር ዓመት የጦረቻቸው እናት ሲሞቱ፣ ሌላ ከፊል ካልተገኘላት ኹሩጅ ተመቶላት ትወጣለች። አሥሩ ዓመት ለምንም አይቆጠርላትም። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2013 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ ከፊሉ ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚያስችል ማሻሻያ ስታወጣ፣ የቤት ሠራተኞችን ከዚያ ውጭ አድርጋቸው ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ያለ ከፊል በቋሚነት መኖር የሚያስችል ልዩ ኢቃማ ወጥቶ ነበር፤ ዋጋው 800,000 ሪያል። በወር 1,000 ሪያል የምታገኝ እህት አንዲት ሪያል ሳትበላ፣ ለቤተሰብም ሳትልክ ብታስቀምጥ 66 ዓመት ከ8 ወር ይፈጅባታል። ሃያ ዓመቷ ላይ ብትሄድ እንኳ ኢቃማው እጇ የሚገባው ራሷ ጧሪ በምትፈልግበት ዕድሜ ነው።

«የማይሆን ነገር አትጠይቁ» የሚሉን አሉ። ካናዳ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሕፃንና አዛውንት ለመንከባከብ መጥተው አሠሪ ቤት ለሚኖሩ ሴቶች፣ ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ ቋሚ ነዋሪነት እንዲያመለክቱ ፈቅዳ ነበር። ያም ሥርዓት እንከን ነበረበት፣ ግን የሠሩት ዓመት ተቆጥሮላቸዋል።

ሌሎች ደግሞ «የሐረም አገር ነው፣ እንጀራ ሰጥተውናል፣ ዝም በሉ» ይላሉ። ለእነዚህ ወንድሞች ኡሙ አይመንን እናስታውሳቸው። ሐበሻዊቷ በረካ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ተንከባክባ ያሳደገች ናት። እሳቸውም ነፃ አወጧት፣ እንደ እናት አከበሯት፤ መዲናም አብራቸው ኖረች። ከፊል አልፈለገችም። ሰሓቦች ወደ ነጃሺ ምድር ሲሰደዱስ ስንት ሪያል ተጠየቁ? የሐረምን ክብር የምናነሳ ከሆነ ይህም አብሮ ይነሳ።

የእኛ መንግሥትም ከዚህ ነፃ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን ስትመልስ ቦሌ ላይ ያለቀስነውን አንረሳም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ያው መንግሥት ሴቶች ለዚያው አገር የቤት ሥራ እንዲመዘገቡ ራሱ ጥሪ አቀረበ። ሐዋላው ሲመጣ ይቆጠራል፣ የላኪዋ የመኖር መብት ግን አጀንዳ አይሆንም።

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከሳዑዲ ጋር ለሚቀጥለው ድርድር ሲቀመጥ አንድ አንቀጽ ይዞ ይግባ። አምስት ዓመት የሠራች ኢቃማዋ በራሷ ስም ይሁን። አሥር ዓመት ሰው የጦረች ያለ ከፊል በቋሚነት የመኖር መብት ታግኝ፤ ስትፈልግ ላስታ መጥታ እናቷን ዓይታ የምትመለስበት ቪዛም ይኑራት። የመጅሊስ ኃላፊዎቻችንም ከሪያድ እንግዳ ሲመጣ ከዳቦና ከተምር ቀጥሎ ይህን ያንሱ።