ዓመት ወይስ ክረምት? የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የገጠር አገልግሎቱ

ሀ. ዓመቱ ይመለስ

በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ማለትም ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ የትምህርት ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ በአብዛኛውም በመምህርነት፣ እንዲሠራ የሚያስገድደው ሥርዓት፣ የዛሬው የተማሪዎች የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት የሌለው አንድ ሀብት ነበረው፤ እሱም ጊዜ ነው። በዓመቱ ውስጥ መምህሩ የክፍሉን ልጆች በስም ያውቃል፤ የደከመውን ካልገባው ይለያል፤ ያስተማረውንም በፈተና ያያል። በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ማለትም ከመደበኛው ትምህርት ውጭ ወደኋላ ለቀሩ ልጆች የሚሰጠው ድጋፍ፣ እንደ ጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ባለ አራሽ ወረዳ የሚውለው ልጁ አረም በሚያርምበትና ከብት በሚጠብቅበት ወራት ስለሆነ፣ ድጋፉን ከሁሉ አብልጦ የሚሻው ልጅ ከክፍሉ ይቀራል። ሌሎቹ የክረምት ሥራዎች፣ የአቅመ ደካሞች ቤት ጥገናና የችግኝ ተከላ፣ በአጭር ጊዜ ይፈጸሙ ይሆናል (ችግኙ የሚጸድቀው ግን ተካዩ ከሄደ በኋላ በሚደረግለት እንክብካቤ ነው)፤ ማስተማር ግን በአጭር ጊዜ አይፈጸምም።

ረጅም ቆይታ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በተማሩበት በደብረ ኤልያስ፣ የቆሎ ተማሪ፣ ማለትም ከቤተሰቡ ርቆ የዕለት ምግቡን ከየደጁ እየለመነ የሚማር የቤተ ክህነት ተማሪ፣ ከሕዝቡ ጋር ዓመታት ይከርም ነበር። ተማሪና ገበሬ የሚተዋወቁት እንዲህ ሲኖሩ ነው እንጂ በአውቶቡስ ደርሶ በመመለስ አይደለም።

ለ. ፈቃዱ ይበልጣል

ለግዴታው የሚቀርበው ክርክር 1957ን አንሥቶ 1967ን ይዘላል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ የጎደለው ጊዜ ሳይሆን ፈቃድና የአገር እውቀት ነበር። ተማሪው ይዞት የዘመተው «መሬት ላራሹ» የሚለው መፈክር የበሰለው በተለይ በደቡብ የነበረውን ጭሰኝነት፣ ማለትም ገበሬው በሌላ ሰው መሬት ላይ አርሶ ምርቱን የሚያካፍልበትን ሥርዓት፣ በማየት ሲሆን፣ በጎጃም ግን አራሹ በብዛት ባለርስት፣ ማለትም ዘሩን ቆጥሮ ከአያቶቹ መሬት ድርሻ የሚያገኝ ሰው ስለነበረ፣ መፈክሩ ለብዙዎች ነፃነት ሳይሆን ርስትን የሚነካ ነገር መስሏል። በዚያም ላይ ገበሬው በሞጣና በቢቸና በኩል የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ያመፀው በ1960 ዓ.ም. ነበርና፣ ሰባት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ከማዕከል ወረቀት ይዞ የመጣን ወጣት በጥርጣሬ ቢያይ አያስደንቅም። ከዘማቾቹም ብዙዎቹ ጊዜያቸው ሳያልቅ ዘመቻውን ጥለው ሄደዋል።

ዛሬም ቢሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሳለ፣ ባዕድ ተማሪን በመመሪያ አስገድዶ ወደ ማያውቀው ወረዳ መላክ ለላኪውም ለተላኪውም አይበጅም። የገበሬ ልጅ የሆነው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን መንገድ በተከፈተ ጊዜ ማንም ሳያዘው ወደ ቀበሌው ይመለሳል፤ ቀን ከአባቱ ጋር አረም ሲያርም ውሎ ማታ ታናናሾቹንና የጎረቤት ልጆችን ያስጠናል። አረሙ ለትምህርቱ እንቅፋት የሚሆነው ትምህርቱ በቀን፣ በአዳራሽ፣ ለሪፖርት ሲባል ሲሰጥ ነው።

ስለ ቆሎ ተማሪው የቀረበው ምሳሌም ወደዚሁ ወገን ያጋድላል፤ እሱን ከቤቱ ያወጣው የመምህሩ ዝናና የራሱ የመማር ጥማት እንጂ ዲግሪ የሚያስከለክል ደንብ አልነበረም፤ እንዲያውም ስንቱ ከወላጆቹ ተደብቆ ነበር የሚሄደው።