ለዘፋኝ ጆሮ ገደል ማሚቶ ለምኑ?

ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት፣ በካርቱም ሳጃና ሰርጎቻችን ላይ በዘፋኞቻችንና በሱዳናውያን የድምፅ ባለሙያዎች መካከል ቆሜ ብዙ ጊዜ አስተርጉሜአለሁ። ልመናው ዘወትር አንድ ነበር፤ «ኤኮ ጨምርልኝ በለው!» አልኩለት። ትርጉሙ ትክክል ነበር፤ ልመናው ግን ስሕተት።

ዘፋኙን የጎደለው የገዛ ድምፁ ነው። ከእግሩ ሥር ባለው ሞኒተር ላይ ሪቨርብ ሲጨመር ያለፈው ቃል ከሚመጣው ጋር ይደበላለቃል፤ ቅኝቱን የሚይዝበት ጥርት ያለ ድምፅ ያጣል፤ ትርፉም ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ እየገባ ይጮኻል። ኮምፕረሰር ደግሞ ይብሳል። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር መሣሪያው ይጫነዋል፤ እርሱም ያልተሰማ መስሎት አብዝቶ ይጮኻል፤ ሌሊቱ ሳይጋመስ ጉሮሮው ይዘጋል። ዝም ሲልም መሣሪያው 6 ዴሲቤል ቀንሶ ከነበረ ያንኑ 6 መልሶ የከበሮውንና የአዳራሹን ጫጫታ ይሰበስባል። የማሕሙድ አሕመድን ትዝታ የወደደ ሁሉ የወደደው ከፍታና ዝቅታውን አይደለምን? ዘፋኙ ራሱ ያልሰማውን ቅላጼ እንዴት ይቆጣጠረው?

«አድማጩ ይወደዋል» ይሉኛል። ይውደደው፤ ለአድማጩ ይሁን! አንዱን ማይክሮፎን በሁለት መስመር ከፍሎ፣ የተቀባባውን ለአዳራሹ፣ ያልተነካውን ለሞኒተር መላክ የቆየ ዘዴ ነው። በጆሮ ውስጥ ማዳመጫ ለሚዘፍን ጥቂት ሪቨርብ አልነፍግም፤ ጆሮው ተደፍኗልና።

ይህን በዐረብኛ መንገር አያቅተኝም ነበር። እኔ ግን የተባልኩትን ብቻ አስተላለፍሁ።