የወንዙ ድርሻ ከሁሉ አስቀድሞ ይመዝገብ

ስለ ወንዝና በወንዝ ስለሚኖሩ እንስሳት የሚሠሩ ዘጋቢ ፊልሞች ከተመልካች ዘንድ በቅድሚያ የሚያተርፉት አድናቆትን ነው። ጉማሬው ሲጠልቅ፣ አዞው ሲያደባ፣ ወፉ ዓሣውን ነጥቆ ሲነሣ አይተን እንደነቃለን፤ ፊልሙ ሲያበቃም ወደየጉዳያችን እንመለሳለን። አድናቆት መልካም ጅምር መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አድናቆት ብቻውን አንዲት ጠብታ ውሃ በወንዝ ውስጥ አስቀርቶ አያውቅም። በመሆኑም ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ መወሰድ የሚገባው ትምህርት ምን እንደሆነ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል።

ለዚህ አብነት የምናደርገው ማርክ ዲብልና ቪክቶሪያ ስቶን በጎረቤታችን በኬንያ፣ በምዕራብ ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስለሚገኙት የምዚማ ምንጮች ያዘጋጁትን ፊልም ነው። የፊልሙ ባለታሪክ ጉማሬ ነው። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረ ተመልካች ግን ዋናው ባለታሪክ ፊት ለፊት የሚታየው እንስሳ ሳይሆን ከጀርባው ያለው የውሃ ሥርዓት ነው።

ውሃው የሚመነጨው በስተሰሜን ከሚገኙት የቹሉ ኮረብታዎች ነው። ኮረብታዎቹ ከእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ የተሠሩ በመሆናቸው በላያቸው ወንዝ አይፈስም። የጣለው ዝናብ ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ እስከ 25 ዓመት የሚገመት ጊዜ ከመሬት በታች ቆይቶ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በምዚማ ጠርቶ ይፈልቃል። እንግዲህ ዛሬ በምዚማ የሚታየው ውሃ ያለፈው ትውልድ ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በኮረብታው ላይ በሚጠፋው ደን የሚመጣውም ጉዳት የሚደርሰው ገና ባልተወለዱት ላይ ነው።

ጉማሬው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጌጥ አይደለም፤ የሥራ ድርሻ አለው። ሌሊት ወደ ሜዳ ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ቀን ከውሃው ውስጥ ይውላል። በዚህ ምልልሱ የሜዳውን ለምነት በእበቱ አማካይነት ወደ ውሃው ያጓጉዛል። ከእበቱ ጥቃቅን ነፍሳት ይመገባሉ፤ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውም በተራው ለወፍና ለአዞ ምግብ ይሆናል። ከዓሦቹም የጉማሬውን ቆዳ እየለቀሙ የሚያጸዱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአካባቢው ብርቱ ድርቅ በደረሰ ጊዜ ግን ምንጩ መፍለቁን ባያቆምም በዙሪያው ያለው ግጦሽ በማለቁ ጉማሬዎች በረሃብ ሞተዋል፤ የተረፉትንም ለማዳን ድርቆሽ እስከ ማጋዝ ተደርሷል። ይህም ውሃን ከሜዳው፣ ሜዳውንም ከኮረብታው ነጥሎ መጠበቅ እንደማይቻል ያሳያል።

ከዚሁ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተዘረጋ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ቧንቧ የሞምባሳ ከተማ ውሃ ያገኛል። ስለዚህ ጉማሬውና የወደብ ከተማው ነዋሪ አንድ ማድጋ ተጋሪዎች ናቸው። ጥያቄው አንዱ ይጠጣ ሌላው ይጠማ የሚል አይደለም። ጥያቄው ማድጋው ስንት ይይዛል፣ ከእርሱስ ስንት መቅዳት ይገባል የሚል ነው።

ይህን የጎረቤት ጉዳይ ብለን የምናልፈው አይደለም። ወደ አገራችን ስምጥ ሸለቆ ስንመለስ ይኸው ጥያቄ ይበልጥ ከርሮ ይጠብቀናል። የመቂና የቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ደግሞ ወደ አብያታ ይፈሳል። አብያታ መውጫ የለውም፤ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። በመሆኑም ከላይ በየደረጃው የተቀነሰው ውሃ ሁሉ ሒሳቡ የሚወራረደው በአብያታ ላይ ነው።

በላይኛው ተፋሰስና በዝዋይ ዙሪያ የመስኖ እርሻ ተስፋፍቷል፤ የአበባ ልማትም ታክሎበታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ ከአብያታ ውሃ እየተሳበ ወደ ማትነኛ ኩሬዎች ገብቷል። የዝናቡ መዋዠቅ በዚህ ላይ ሲደመር ሐይቁ ክፉኛ ሸሽቷል፤ ቀድሞ ውሃ የነበረው ዳርቻም ነጭ አቧራ የሚነሣበት ሜዳ ሆኗል። የቀረው ውሃ ጨዋማነቱ በመበርታቱ ቀድሞ አሥጋሪዎች ይተዳደሩበት የነበረው ቆሮሶ ጠፍቷል።

ይህን ለውጥ ማንም ሳያዛቸው የመዘገቡ ፔሊካኖች ናቸው። እነዚህ ታላላቅ ነጭ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነው። ሻላ ጥልቅ ሐይቅ ቢሆንም የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው ለጫጩቶቻቸው ቀለብ የሚያመጡት ከጎኑ ካለው ከአብያታ ነበር። የአብያታ ዓሣ ሲያልቅ እስከ ዝዋይ ድረስ ለመብረር ተገደዱ። ወላጅ ለአንድ ጉርሻ ያን ያህል ሲደክም ጫጩት ማሳደግ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ የፔሊካኑ ጉዞ መርዘም ለፊልም የሚያምር ትርኢት ብቻ ሳይሆን ሊነበብ የሚገባው የውሃ መለኪያ ነው።

እዚህ ላይ «ሰው ይቅደም ወይስ ወፍ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ከመነሻው የተሳሳተ ነው። በሞተር ፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም እያለማ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን ገበሬ በጥፋተኝነት የሚከስ ካለ ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ የሚሠራበትን ውሃ መጠን የሚነግረው ሳይኖር ተወቃሽ ሊሆን አይገባም። ዳሩ ግን በቡልቡላ ዳርቻ ከብቱን የሚያጠጣ አርብቶ አደርም ሰው ነው። ቡልቡላ በቆመ ጊዜ ፔሊካኑና ጥጃው በአንድ ቀን ይጠማሉ። ልዩነቱ ወፉ ክንፍ ያለው መሆኑ ብቻ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ብሂል ለተረት የተቀመጠ አይምሰለን።

መመሪያ ጠፍቶም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ለሰውና ለእንስሳት መሠረታዊ ፍላጎት፣ እንዲሁም ለአካባቢ ደኅንነት የሚጠበቀው ውሃ በማናቸውም የክፍፍል ዕቅድ ውስጥ ቅድሚያ እንዲኖረው ያስቀምጣል። ጉድለቱ ያለው ቃሉን ወደ አኃዝ በመለወጡ ላይ ነው። ለወንዙ የሚተወው ውሃ በመዝገቡ መጨረሻ «ከተረፈ» ተብሎ ከተጻፈ ምንጊዜም አይተርፍም። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ በወርና በመጠን ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ ሌሎቹ ተጠቃሚዎች የሚከፋፈሉት ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ነው።

ከዚህ አንጻር ሦስት ተግባራት ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ሊፈጸሙ ይገባል። አንደኛ፣ ከመቂ እስከ አብያታ ያለው ፍሰትና ውሃ የሚስበው ፓምፕ ሁሉ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል፣ ይለካ፤ ውጤቱም ለተፋሰሱ ነዋሪዎች በግልጽ ይነገር። ሁለተኛ፣ የቡልቡላ ድርሻ በቁጥር ተወስኖ፣ አዲስ ፈቃድ የሚሰጠው ያ ድርሻ መጠበቁ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ የእርከንና የደን ሥራው በሐይቆቹ ዙሪያ ሳይወሰን ዝናቡን እስከሚቀበሉት ከፍተኛ ቦታዎች ድረስ ይውጣ።

የፊልም ባለሙያዎቻችንም የማይናቅ ድርሻ አላቸው። የምዚማን የመሰለ ሥራ በአገራችን ወንዞች ላይ እንዲሠሩ እንጠብቃለን፤ ካሜራው ግን በሻላ ደሴት ባለው ጎጆ ላይ ብቻ እንዳይቆም። ወፉን ተከትሎ ወደ ዝዋይ ይብረር፤ በቡልቡላ ዳር ወርዶ የደረቀውን ሰርጥ ያሳይ፤ ፓምፑንም፣ ገበሬውንም፣ ፈቃድ የተፈረመበትን ጠረጴዛም ያሳይ። ያን ጊዜ ተመልካቹ ከአድናቆት አልፎ ወንዙ ስንት ቀረለት ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል። ኃላፊነት ያለበት አካልም ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለው መዝገቡን ከፍቶ፣ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ የወንዙን ድርሻ ሲያሳይ ብቻ ነው።