የሕፃናት ዜማ በገበያ ሚዛን

የሕፃናት ዘፈን እንደ ተራ ጨዋታ ተቆጥሮ ከኪነ ጥበብ ሂስ ውጭ መታለፉ ታላቅ ስሕተት ነው። ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ዜማ ይቀበላል፤ ከዜማውም ጋር ማን እንደሚወደድ፣ ማን እንደሚናቅ የሚወስነውን ፍርድ አብሮ ይወርሳል። የአሜሪካ የክረምት ዘፈኖችና ከእነርሱ ጋር የተዛመዱት የገና ካርቱን ፊልሞች ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ናቸው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለው የቺካጎ የንግድ ኩባንያ ለገና ገበያተኞች በነፃ የሚታደል መጽሐፍ እንዲጽፍ የማስታወቂያ ሠራተኛውን ሮበርት ሜይን አዘዘ። አፍንጫው እንደ ፋኖስ የሚያበራው አጋዘን ሩዶልፍ የተወለደው ከዚህ ትእዛዝ ነው። በዚያው ዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታደለ። በ1948 ማክስ ፍላይሸር ታሪኩን በካርቱን ፊልም ሠራው፤ በ1949 ጆኒ ማርክስ የደረሰውን ዘፈን ጂን ኦትሪ በሸክላ አስቀረጸው፤ በ1964 ደግሞ በቶኪዮ ባለሙያዎች እጅ በተንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ተሠርቶ በቴሌቪዥን ቀረበ።

ዘፈኑ ሕፃናትን የሚያስተምረው ምንድን ነው? አጋዘኑ ከሌሎቹ በመለየቱ ይሰደባል፣ ከጨዋታም ይገለላል። ጭጋግ ወርዶ የገና አባት ጉዞ ሲሰናከል ግን ያው አፍንጫ ተፈላጊ ይሆናል፤ የናቁትም ያሞግሱታል። ፍቅሩ የመጣው በደል መፈጸሙ ታውቆ ሳይሆን ጥቅም በመገኘቱ ነው። የዘፈኑ ተከራካሪዎች የተገፋው ሕፃን ተስፋ ያገኝበታል ይላሉ። ተስፋ መስጠቱ አይካድም። ነገር ግን አፍንጫው የማያበራ፣ መለየቱ ለማንም የማይጠቅም ሕፃን ከጨዋታው ውጭ እንደቆመ ይቀራልን? ሰው በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ የሚመዘንበት ሚዛን የገበያ ሚዛን እንጂ የሰብአዊነት ሚዛን አይደለም።

ይህ ሲባል ከገበያ መንደር የወጣ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም። የበረዶው ሰው የፍሮስቲ ዘፈንም በ1950 የወጣው የሩዶልፍን ገበያ ተከትሎ ነው። በ1954 ግን ዩ.ፒ.ኤ. የተባለው ስቱዲዮ የሦስት ደቂቃ ያህል ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠራለት። ይህ ስቱዲዮ በ1941 በዲዝኒ ከተደረገው የሥራ ማቆም አድማ በኋላ ከዚያ በወጡ ሠዓልያን የተመሠረተ ነው። ፊልሙ በቺካጎው ደብሊው ጂ ኤን ቴሌቪዥን በየገናው እየተደጋገመ ትውልድ አሳድጓል። የበረዶው ሰው ፀሐይ እንደምታቀልጠው እያወቀ ከልጆች ጋር ይሮጣል፣ ይስቃል። ልጆቹ የሚወዱት ሸክም ስለሚያነሣላቸው ሳይሆን አብሯቸው ስለሆነ ነው። ይህ ሰብአዊ ፍቅር ነው።

እንግዲህ የሥራው መመዘኛ የትውልድ ቦታው ብቻ ሳይሆን በሕፃኑ ልብ የሚተክለው ዘር ጭምር ነው። መምህሩ ዘፈኑን ለክፍሉ ከማሰማቱ፣ ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ፣ ደራሲው ዜማውን ከመግጠሙ በፊት አንድ ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባል፦ በዚህ ዘፈን ውስጥ ምንም የማይጠቅመው ልጅ ቦታ አለውን? መልሱ «የለውም» ከሆነ፣ ዜማው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ለሕፃናት የሚገባ ምግብ አይደለም።