ይህን ስም ያወጣው መልአክ አይደለም፣ ቢሮ ነው

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን። የዛሬው ጉዳዬ ግን ቢሮ ስም ያወጣለት አንድ አስማት ነው። «የጌም ወሬ ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ የሳንሱር ነው።

«ፋይናል ፋንታሲ» የተባለው የጃፓን ቪዲዮ ጌም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ፣ ከነጭ አስማቶቹ መካከል በመጨረሻው እርከን ላይ «ሆሊ» የሚባል ነበር። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፤ «ቅዱስ» ማለት ነው። የሚገርመው፣ ጌሙ በ1990 ተተርጉሞ አሜሪካ ሲገባ ይኸው የእንግሊዝኛ ቃል ጠፋ። «ፌድ» ተባለ። በ1991 አራተኛው ክፍል ሲገባ «ዋይት»፣ በ1994 ስድስተኛው ሲገባ ደግሞ «ፐርል» ሆነ።

የቦታ ጥበት ነው እንዳንል፣ በመጀመሪያው ጌም ለአስማት ስም የተፈቀደው አራት የላቲን ፊደል ነበር። «ሆሊ» ደግሞ ልክ አራት ነው! ምክንያቱ ሌላ ነው፦ የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሃይማኖታዊ ቃልና ምልክት ከጌሞች እንዲወጣ ያዝ ነበር።

ፍርሃቱ ይገባኛል። በ1980ዎቹ አሜሪካ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ ከሰይጣን አምልኮ ጋር የሚያያይዙ ቡድኖች ብዙ ጫጫታ አስነስተው ነበር። ግን መመሪያው ማንን ጠበቀ? ጭራቁም ግድያውም አልተነካም። ጥቁር አስማተኛው ከነስሙ ቀረ። የተባረረው «ቅዱስ» ነው!

በ1997 ሰባተኛው ክፍል በሶኒ ፕሌይስቴሽን ሲወጣ ስሙ ተመለሰ። እዚያ «ሆሊ» ዓለምን ከጥፋት የሚያድን የመጨረሻ ተስፋ ነው፤ ኤሪስ የምትባለው ገጸ ባሕርይ ስትጸልይለት ትገደላለች። «ዕንቁ» ቢባል ኖሮ ጸሎቷ ትርጉሙን ያጣ ነበር።

ይህን የኛ ቋንቋ ቀድሞ ያውቀዋል። «አስማት» በግዕዝ «ስሞች» ማለት ነው። ኃይሉ ያለው ስሙ ውስጥ ነው ብለው ያምኑ የነበሩ ሰዎች ያቆዩልን ቃል ነው።

ለልጆች መጠንቀቅ ተገቢ ነው። እዚያው አሜሪካ በ1994 የተጀመረው የዕድሜ ደረጃ መለያ ለዚህ የተሻለ መንገድ ነው፦ ለወላጅ ይነግረዋል፣ ውሳኔውን ለእሱ ይተውለታል። ቃልን በስውር መቀየር ግን የሚወስነው ያለ እኛ ነው። ተጫዋቹ ተቃውሞ እንኳ ማሰማት አይችልም፤ የተወሰደበት ነገር እንዳለ አያውቅማ።