ኔት ሲጠፋ የሚሞት ቤት ምኑ ነው ስማርት?

«ቤትዎን በስልክዎ ይቆጣጠሩ» የሚሉ ቪዲዮዎች በዝተዋል። ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ አፑን አውርድ፣ አካውንት ክፈት፣ ከዋይፋይ ጋር አገናኝ፣ አለቀ። ፋይበር ገብቶለት አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው ይሄ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። ለቆቦ ሰው ግን ብር አስይዞ ማስበላት ነው።

አክስቴ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጇ ከጅዳ አንድ ካሜራና አራት አምፖል ላከላት። እሱ እዚያ ሆኖ ግቢውን ያያል፣ ማታ ማታ መብራቱን ያጠፋላታል። ችግሩ እኛ ጋ መብራት ሄዶ መምጣቱ ነው። ኤሌክትሪኩ ሌሊት 8 ሰዓት ሲመለስ አራቱም አምፖል ቦግ! እሷም ደንግጣ «ምን አድርጌህ ነው በውድቅት የምታበራብኝ?» ብላ ጅዳ ትደውላለች። እሱ ተኝቷል። አብዛኞቹ ስማርት አምፖሎች ኃይል ሲመለስ እንዲበሩ ተደርገው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት፤ ብዙዎቹ ላይ ከአፑ ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ ይህን ግን ማንም አልነገራቸውም። እሷ ታዲያ በግድግዳው ማጥፊያ ጥርቅም አድርጋ ተገላገለች። ማጥፊያው ከጠፋ ደግሞ ስልኩ አምፖሉን አያገኘውም።

ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘጋ። በአብዛኛው አካባቢ ወደ አንድ ዓመት ገደማ እንደተዘጋ ቆየ። የአክስቴ ዋይፋይ ከሲም ራውተር ነበርና ካሜራው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ለምን? ከነዚህ ርካሽ የዋይፋይ ዕቃዎች ብዙዎቹ ትእዛዝ የሚቀበሉት ውጭ አገር ካለ ሰርቨር ነው። ሳሎን ተቀምጠህ ከራስህ በላይ ያለውን አምፖል ስታበራ ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። መንገዱ ላይ ማንም ይዝጋው ማን፣ ቤትህ ይደነቁራል። አሜሪካም ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጎግል እህት ኩባንያ ኔስት፣ ሪቮልቭ የሚባለውን መቆጣጠሪያ ሰርቨሩን ዘግቶ ከጥቅም ውጭ አደረገው። በ2022 ኢንስቲዮን ሳያስጠነቅቅ ሰርቨሩን አጠፋ። እነሱ ላይ ዜና ነው፤ እኛ ላይ ግን ኑሮ ነው። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆቦ በጦርነቱ ተይዛ ስልክም መብራትም አልነበራትም። (ያኔ ስለ አምፖል የሚያወራ አልነበረም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።)

«ውሃ ለሌለው ሰው ይሄ ቅንጦት ነው» የሚሉኝም አሉ። እኔ ደግሞ ዋናው ሥራው ለውሃ ነው እላለሁ። ውሃ በፈረቃ ሌሊት በሚመጣበት ሰፈር፣ የውሃ ፍሳሽ የሚያውቅ ትንሽ ሴንሰር ቧንቧ ሥር ባልዲ ውስጥ አስቀምጥ። ጠብታ ሲነካው ማንቂያውን ያስጮኻል፤ እናትህ ስታዳምጥ አታድርም። ሮቶው ሲሞላ ለመዝጋት ግን ምንም ስማርት ነገር አትግዛ፤ ተንሳፎ የሚዘጋው ኳስ ይበቃል።

ስለዚህ ጀማሪ ከሆንክ ከዚግቢ ጀምር። ዚግቢ ዕቃዎቹ ያለ ዋይፋይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ መንገድ ነው፤ የሴንሰሩ ባትሪ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይ ይቆያል። መቀበያውን አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሰክተህ ሆም አሲስታንት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫን። ሶፍትዌሩን ለማውረድና ለመጫን ኔት ያስፈልግሃል፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ከግቢህ አይወጣም። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ከሆነ መብራት ሲሄድም ይቆይልሃል። አምፖል ከመቀየር ከማብሪያ ማጥፊያው ጀርባ የሚገባውን ሪሌይ ምረጥ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቁልፍ እንደ ድሮው ይሠራል። ብዙ ቤቶቻችን ግን ማጥፊያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል ሽቦ የላቸውም፤ ሳትገዛ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይይልህ።

ሻጩንም ዝም ብለህ አትመነው። ዕቃውን ሱቁ ውስጥ ያስነሳልህና ሲሙን ከራውተሩ አውጣው። ያኔም ከታዘዘ ግዛ፤ ካልታዘዘ መልስለት።

ግቢውን ከጅዳ ማየት ግን ያለ ኔት አይሆንም። እሱን ዚግቢም ሻጩም አይፈታውም፤ የሚጠየቀው ዳታውን የዘጋው ነው። የአክስቴ ካሜራ አሁን ሚሞሪ ካርድ ገብቶለት እዚያው ይቀዳል፤ ልጁም ኔት ባለ ጊዜ ብቻ ያያል።