የተቀበረው መክሊትና ዋናው ኦዲተር

በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ በገብር ኄር ዕለት፣ የሦስቱን አገልጋዮች ወንጌል ያዳመጠ ምእመን ሁሉ፣ መሬት ቆፍሮ መክሊቱን የቀበረው ሦስተኛው አገልጋይ ሐካይ ተብሎ ወደ ውጭ መጣሉን ያውቃል፤ ነገር ግን ይህ ሰው በእኛ ዘመን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቢሆንና ሒሳብ መርማሪ ቢላክበት ኖሮ፣ የተረከበው ንዋይ ሳይጎድል ስለ ተገኘ፣ ያለ ደረሰኝ ያወጣው ሳንቲም ስለሌለ፣ በስሙ የቀረ ያልተወራረደ አበልም ስለማይገኝ፣ «ነቀፌታ የሌለበት» የሚል አስተያየት ተጽፎለት፣ ምናልባትም የምስጋና ወረቀት ተጨምሮለት በክብር ይሰናበት እንደ ነበር ሳስብ ፈገግ እላለሁ። አገልጋዩን ያስኰነነው የገንዘቡ መጉደል ሳይሆን ንዋዩ ለተሰጠበት ጉዳይ አለመዋሉ ነውና፣ የቤቱ ጌታ ያካሄደው ምርመራ፣ በዛሬ ባለሙያዎች አነጋገር፣ የክዋኔ ኦዲት ነበር።

ይህን ማንሣቴ፣ የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት ሁለቱንም ምርመራ፣ ማለት የፋይናንሺያልና የሕጋዊነቱን ከክዋኔው ጋር አጣምሮ የያዘ ሆኖ ሳለ፣ የእኛ ጆሮ ግን የጠፋውን ብር ቁጥር ብቻ መርጦ መስማት ስለ ለመደ ነው። ቁጥሩ በጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ ይወጣል፤ አንድ ሳምንት ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሪፖርት ከዐምናው፣ ከዕቅዱና ከበጀቱ ጋር ጎን ለጎን ተዘርግቶ ሲነበብ ያየ ሰው እምብዛም የለም። ሪፖርት ብቻውን ሲነበብ ወሬ ነው፤ ምስክር የሚሆነው ከሌላ መዝገብ ጋር ሲተያይ ነው።

ሥርዓቱ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምር ሹም እንዲኖርና ለንጉሠ ነገሥቱና ለፓርላማው እንዲያስታውቅ ደንግጎ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር በምክር ቤቱ እንዲሾም፣ የመሥሪያ ቤቱንም በጀት በቀጥታ ለምክር ቤቱ አቅርቦ እንዲያስጸድቅ አድርጓል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ታናሽ ብትመስልም ጥበብ አለባት፤ መርማሪው ራሱ የሚመረምረውን ሰው እጅ እያየ የሚያድር ከሆነ ብዕሩ እንደሚዶለዱም ሕግ አውጪዎቹ ተረድተው ነበርና።

ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሒሳብ የሚባለውም ነገር እንዴት እንደሚወለድ፣ በቢሮ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ባለሙያ ለመስክ ሥራ ሲነሣ በስሙ ቅድሚያ ገንዘብ ይወጣለታል፤ ሲመለስ ደረሰኙን አቅርቦ ማወራረድ ሲገባው፣ አንዱ ደረሰኝ ጠፍቶበት ወይም ሌላ መስክ ተደርቦበት ዛሬ ነገ ሲል ወራት ያልፋሉ፤ በመካከሉ ባለሙያው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፣ ገንዘብ ያዡ ጡረታ ይወጣል፣ መሥሪያ ቤቱም ከሌላው ጋር ተዋሕዶ ስሙ ይለወጣል፤ በመጨረሻ በመዝገቡ ላይ የሚቀረው ባለዕዳው ማን እንደ ሆነ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ ገንዘቡም ስለ ምን እንደ ወጣ የሚያስረዳ አንድ ቁራጭ ወረቀት የሌለው ባዶ አኃዝ ነው። ኦዲተሩ እንዲህ ያለውን ዕዳ በዕድሜው ከፋፍሎ ሲያቀርብ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየውን ለብቻው ያስቀምጠዋል። ከአሥር ዓመት በላይ! የዕዳው ሰነድ ሲከፈት አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

በምክር ቤቱ ይፋዊ ስብሰባ ላይ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ለዚህ የሚሰጡትን መልስ የተከታተለ ሰው የንግግሩን ሥርዓት እንደ ጸሎት ሊደግመው ይችላል፤ ችግሩ ከእኛ በፊት የነበረ ነው ይባላል፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል ይባላል፣ የድርጊት መርሐ ግብር ተዘጋጅቶ ተልኳል ይባላል። እነዚህ መልሶች ሁሉ ሐሰት ናቸው አልልም፤ አዲስ የተሾመ ሰው የቀድሞውን ቤት ጉድፍ ወርሶ መጨነቁ እውነት ነው። የሚያሳዝነው ግን፣ ባለፈው ዓመት ይኸው መርሐ ግብር ቀርቦ እንደ ነበረ አንሥቶ፣ ከተባለው ምን ያህሉ ተፈጸመ ብሎ አንድ በአንድ የሚያስቈጥር ጠያቂ ብርቅ መሆኑ ነው።

የክዋኔው ነገር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየኝ በስኳር ላይ ነው። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ወንጂ ላይ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ ሸዋ፣ መተሐራና ፊንጫ ተራ በተራ ተጨምረው፣ ሀገሪቱ በ2002 ዓ.ም. የምታመርተው ሦስት መቶ ሺህ ቶን ገደማ ነበር፤ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. የተዘረጋው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ ይህን ቁጥር በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ 2,250,000 ቶን አደርሳለሁ፣ ዐሥር አዳዲስ ፋብሪካዎችንም አቆማለሁ አለ። ዓመቱ ሲደርስ የተመረተው የዚያ ሩብ እንኳ አልሞላም። የፋብሪካው ግንባታ የተሰጠው በ2002 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በነበረበት በጣና በለስ፣ ጫካው ተመንጥሮ፣ ቦዩ ተቆፍሮ፣ አገዳው ተተክሎ አድጎ ሲያበቃ፣ አገዳው ደረሰ ፋብሪካው ግን አልደረሰም። አገዳ ደግሞ ጎተራ ተከትቶ የሚጠብቅ እህል አይደለም፤ ከተቆረጠ በአንድ ሁለት ቀን ካልተጨመቀ ስኳሩ እየጠፋ ይሄዳል፤ ሳይቆረጥም ከጊዜው በላይ ከቆመ ያረጃል። በዚያ ማሳ ላይ ለመንጣሪው፣ ለተካዩና ለአጠጪው የተከፈለው ደመወዝ ሁሉ ፊርማና ደረሰኝ ይኑረው እንበል፤ ደረሰኞቹ ሁሉ በትክክል ተሰፍተው ቢገኙ እንኳ ስኳሩ የለም። የገብር ኄሩ ሐካይ ያደረገው ይህንኑ አይደለምን?

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይኸው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲያስታውቅ ሀገሩ ሁሉ ተደነቀ። እኔ ግን በመደነቃችን ተደነቅሁ። የዕቅዱ መጽሐፍ ታትሞ የሚገኝ ነበር፤ ክፍያው ከሥራው ቀድሞ እንደ ሄደም በምክር ቤት በአደባባይ ተነግሯል፤ በሸማቾች ሱቅ ደጅ ኮታውን የሚጠብቀው የቀበሌ ነዋሪም ከማናቸውም ሪፖርት ቀድሞ የፋብሪካዎቹን ወሬ ባዶ በተመለሰው ፌስታሉ ያውቀው ነበር። የጎደለው ምስጢሩን የሚገልጥ ሰው ሳይሆን የተገለጠውን አጣምሮ የሚያነብ ሰው ነበር።

መዝገብን ከመዝገብ ማስተያየት ራሱ ሥራው የሆነ አንድ ሥርዓት አለ፤ ይኸውም መቀመጫውን ኦስሎ ያደረገው የማዕድንና የነዳጅ ኢንዱስትሪ ግልጽነት ኢኒሼቲቭ ነው። ኢትዮጵያ አስቀድማ ያቀረበችው ጥያቄ በበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጁ ምክንያት በ2002 ዓ.ም. ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ፣ በመጋቢት 2006 ዓ.ም. በዕጩነት ገብታለች፤ ሥርዓቱ ኩባንያው ከፈልሁ የሚለውንና መንግሥት ተቀበልሁ የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን ያወጣል። ይህን እጅግ አመሰግናለሁ። ሆኖም በግንቦት 2010 ዓ.ም. የለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ፈቃድ እንዲታገድ ያደረገው የጉጂ ሕዝብ አቤቱታ የሮያሊቲ ልዩነት አልነበረም፤ ሕዝቡ የሚጮኸው ስለ ውሃው፣ ስለ ከብቱና ስለሚወለዱት ሕፃናት ጤና ነበር። በሁለቱም መዝገብ ያልሰፈረ ነገር፣ ሁለቱ ቢተያዩም አይታይም።

ወደ ምክር ቤቱ ልመለስ። በሰኔ የሚሰማው የኦዲት ሪፖርት የሚናገረው ባለፈው ሰኔ 30 ስለ ተዘጋው የበጀት ዓመት ስለ ሆነ፣ ከድርጊቱ በአንድ ዓመት ያህል ይዘገያል፤ ይህ መዘግየት የሚወቀስ ቢሆንም አንድ ሲሳይ ይዞ ይመጣል፤ የሚመጣው ዓመት በጀት ከሐምሌ 1 በፊት መጽደቅ አለበትና፣ ገንዘቡ እንዴት እንደ ጠፋ የሚናገረው ሰነድና ገንዘብ እንዲጨመር የሚጠይቀው ሰነድ በእነዚያው ሳምንታት፣ በእነዚያው እንደራሴዎች ጠረጴዛ ላይ አብረው ያርፋሉ። እንግዲህ የበጀቱ ረቂቅ ሲነበብ፣ ኦዲተሩ ማስረጃ አጥቶ አስተያየት መስጠት ያልቻለበት መሥሪያ ቤት ስሙ በተጠራ ጊዜ፣ አንድ የሕዝብ እንደራሴ እጁን ለማጽደቅ ከማንሣቱ አስቀድሞ ለጥያቄ ቢያነሣና የዐምናው ደረሰኝ የት እንዳለ ቢጠይቅ፣ ስብሰባው ከተለመደው ይልቅ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይራዘም ይሆናል፤ ለሚጨመሩት ቀናት የሚከፈለውን አበል እኔ ግብር ከፋዩ ሳላጉረመርም እችላለሁ፣ በጊዜው ከተወራረደ።